የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች ቡጢን የመቋቋም ኀይል፤ ምንጩና ዋጋው

የሮም ኦሊምፒክ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚታወሰው በአበበ ቢቂላ ባዶ እግር ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት፣ አበበ ማራቶኑን በአንደኛነት ፈጽሞ የአፍሪካን ስም አስጠራ። ከዚያ አምስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 30 ቀን፣ በዚያችው ከተማ አንድ የ18 ዓመት አሜሪካዊ ወጣት በቀላል ከባድ ሚዛን ቦክስ ፖላንዳዊ ተጋጣሚውን በነጥብ አሸንፎ የወርቅ ሜዳልያ መውሰዱን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው። ወጣቱ ካሲየስ ክሌይ ይባል ነበር፤ ኋላ ዓለም መሐመድ ዓሊ ብሎ ያወቀው ነው። ስለዚህ ሰው ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ እግሩ ቅልጥፍናና ስለ አንደበቱ ስለት ነው። ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ክፍል ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም በዘመኑ ከነበሩት ብርቱ ክንዶች የተሰነዘረበትን ቡጢ ሁሉ ተቀብሎ ሳይዘረር መቆሙ፣ እንዲሁም ለዚህ መቆም የከፈለው ዋጋ ነው።

የቦክስ ተመልካች አንዱን ቦክሰኛ «አገጨ ጠንካራ»፣ ሌላውን «አገጨ ስስ» እያለ ሲፈርድ ኖሯል። ለመሐንዲስ ግን «ጠንካራ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃውም። አንድ ድልድይ አንድ ጊዜ ከባድ ጭነት አሳልፎ አለመፍረሱ አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ ጭነት ሺህ ጊዜ ተሸክሞ ምንም ስንጥቅ ሳይወጣበት መኖሩ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች ታሪክ በዚህ ዐይን ሲታይ፣ ተመልካች አንድ አድርጎ የሚያያቸው ሁለት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ። አለመውደቅና አለመጎዳት አንድ አይደሉም።

በመጀመሪያ ቡጢው ራሱ ምን ያህል እንደሚከብድ ማወቅ ያሻል። በ1985 (ከዚህ ወዲህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ፍራንክ ብሩኖ የተባለውን እንግሊዛዊ የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ በመለኪያ መሣሪያ ፊት አቁሞ የቡጢውን ኀይል ለክቷል። ብሩኖ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ የዓለም ሻምፒዮንነትን ማዕርግ ያገኘ ሰው ነው። ጓንት ያጠለቀው እጁ ግማሽ ሜትር ያህል ርቀት በሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ጊዜ ውስጥ ተጉዞ ዒላማውን ሲመታ ፍጥነቱ በሴኮንድ 8.9 ሜትር ደርሶ ነበር። በዚያች ቅጽበት ያሳረፈው ጫና 400 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ነገር ክብደት ጋር የሚመጣጠን ሲሆን፣ የተመታው ዒላማም ከመሬት ስበት 53 እጥፍ በሚሆን ፍጥንጥነት ተወርውሯል። አጥኚዎቹ ነገሩን ለማስረዳት ከአንድ 6 ኪሎ ግራም ከሚመዝን፣ ዙሪያውን በስስ ነገር ከተሸፈነ የእንጨት መዶሻ ጋር አነጻጽረውታል፤ መዶሻው በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር እየገሠገሠ ሰውን ሲመታ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ምት አገጭ ላይ ሲያርፍ ሰውየውን የሚጥለው የአጥንቱ መሰበር አይደለም። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ የሚገኝ፣ እጅግ ለስላሳ አካል ነው። የኦክስፎርዱ የፊዚክስ ሊቅ ሆልቦርን በ1943 ባሳተመው ጥናት የአንጎልን ቅርጽ በጄላቲን ሠርቶ እንዳሳየው፣ አንጎልን ይበልጥ የሚጎዳው ጭንቅላት ወደ ኋላ በቀጥታ መገፋቱ ሳይሆን በድንገት መዞሩ ነው። አገጭ ደግሞ ከአንገት ምሰሶ የራቀ ጫፍ ስለሆነ ከጎን ሲመታ እንደ ረዥም የመፍቻ እጀታ ጭንቅላትን በቀላሉ ያዞረዋል። ቅሉ ሲዞር አንጎሉ በእኩል ፍጥነት ሊከተለው ስለማይችል በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይሳባሉ፤ ሰውየውም ለጥቂት ጊዜ ራሱን ይስታል።

ከዚህ በመነሣት ምትን የመቋቋም ኀይል ከምን እንደሚመነጭ መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው ምንጭ ክብደትና የአንገት ጡንቻ ነው፤ ጭንቅላቱ ከትከሻው ጋር በጠንካራ አንገት ከተያያዘ ቡጢው የሚያንቀሳቅሰው ጭንቅላቱን ብቻ ሳይሆን ገላውንም ጭምር ይሆናል። ሁለተኛው ቡጢውን አስቀድሞ ማየት ነው፤ ያየ ሰው አንገቱን ያጠነክራል፣ አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል። በቦክስ ዓለም ሰውን የሚጥለው ያላየው ቡጢ ነው የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሦስተኛው ከምቱ ጋር ወደ ኋላ መሸሽ ነው፤ ያው ምት የሚያርፍበት ጊዜ ሲረዝም በእያንዳንዷ ቅጽበት የሚያደርሰው ጫና ያንሳል።

ይህን ሦስተኛ ዘዴ በአገር ቤት ምሳሌ ለማየት የሚፈልግ በጌዴኦ ዞን፣ በጌዴብ ወረዳ፣ ባንኮ ጎቲቲ በሚባለው የቡና አገር ክረምቱን ይመልከት። ምድሩ ዳገት ነው፤ ዝናቡም ብርቱ ነው። ባዶ ዳገት ቢሆን ኖሮ አፈሩ ታጥቦ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ከላይ እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው ሰፋፊ ቅጠል ያለው እንሰትና ቡናው፣ ከሁሉም በታች ደግሞ የረገፈው ቅጠል ተደራርበው ይገኛሉ። ጠብታው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሰበረ ይወርዳል እንጂ ኀይሉን ሙሉ ይዞ መሬት አይደርስም። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለም ያደነቀው ይህንኑ ዕፀዋትንና እርሻን አደራርቦ የማኖር ጥበብ ነው። ዳገቱን ያቆየው የአፈሩ ጥንካሬ ሳይሆን ምቱ ሳይደርስበት በመንገድ መዳከሙ ነው። ይህ ነጥብ ወደ ቦክሱ ታሪክ ሲገባ እጅግ ይጠቅማል።

ዘመናዊው ቦክስ የተመሠረተው በ1867 በወጣው የኩዊንስቤሪ ደንብ ነው። ደንቡ ጓንት ማጥለቅን፣ የሦስት ደቂቃ ዙርንና የዐሥር ሴኮንድ ቆጠራን አዘዘ። በመስከረም 1892 ጄምስ ኮርቤት ጆን ሱሊቫንን በኒው ኦርሊንስ በ21ኛው ዙር ሲያሸንፍ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮና በጓንት ዘመን መግባቱ ተረጋገጠ። ብዙ ሰው ጓንት የመጣው የሚመታውን ሰው ለማዳን ይመስለዋል። በእርግጥ ግን ጓንት በይበልጥ የሚጠብቀው የመቺውን እጅ ነው። በባዶ እጅ የሰውን ራስ ቅል ደጋግሞ የሚመታ ሰው ጣቶቹን ይሰብራል፤ ጓንት ያጠለቀ ግን ያለ ሥጋት ራስን ይመታል። እንግዲህ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የቆሰለ ፊት ቢቀንስም ወደ አንጎል የሚደርሰው ምት በዛ።

ሐምሌ 4 ቀን 1919 በቶሌዶ ከተማ የተደረገው ግጥሚያ ክብደት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያዋጣ አሳየ። ጄስ ዊላርድ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ቁመትና ከ110 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት የነበረው ግዙፍ ሰው ሲሆን፣ ጃክ ዴምፕሲ 85 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነበር። ዴምፕሲ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ሰባት ጊዜ ጣለው። ዊላርድ ሰባቱንም ጊዜ ተነሣ፤ ሦስት ዙር ሙሉ ከተደበደበ በኋላ ግን ለአራተኛው ሊወጣ አልቻለም። ግዙፍነቱ እንዲነሣ ረዳው እንጂ እንዳይመታ አልረዳውም።

ዴምፕሲ በ1926 ማዕርጉን በጂን ተኒ ተነጥቆ በመስከረም 1927 በቺካጎ ሲፋለሙ ደግሞ ሌላ ትምህርት ተገኘ። በሰባተኛው ዙር ተኒ ወደቀ፤ ዴምፕሲ ግን ደንቡ እንደሚያዝዘው ወደ ገለልተኛው ማዕዘን ሳይሄድ ስለዘገየ ዳኛው ቆጠራውን ዘግይቶ ጀመረ። ተኒ በዘጠኝ ቆጠራ ላይ ተነሣ፤ ነገር ግን መሬት ላይ የቆየው 13 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ነበር። ከተነሣ በኋላ እየሸሸ ራሱን አረጋጋና በነጥብ አሸነፈ። ከዚህ የሚታየው፣ ምትን መቋቋም ማለት አለመናወጥ ብቻ ሳይሆን ከተናወጡ በኋላ አእምሮን በፍጥነት መሰብሰብም መሆኑ ነው።

ጆ ሉዊስ ከ1937 እስከ 1949 ማዕርጉን ይዞ 25 ጊዜ ያስከበረ ሻምፒዮን ነው። ሆኖም ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት በ1936 ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር ዘርሮታል። ሽሜሊንግ ሉዊስ ግራ እጁን ከሰነዘረ በኋላ ዝቅ አድርጎ እንደሚመልስ አስተውሎ ነበርና በዚያች ክፍተት ቀኝ ቡጢውን ደጋግሞ አሳለፈባት። በ1938 ሲገናኙ ሉዊስ በመጀመሪያው ዙር፣ በ124 ሴኮንድ ውስጥ፣ ሽሜሊንግን አሸነፈ። በሁለቱ ዓመታት መካከል የሉዊስ አገጭ አልተለወጠም፤ ስሕተቱ ግን ታርሞ ነበር።

ሮኪ ማርቺያኖ በዚህ ረገድ ሁልጊዜ የሚጠቀስ ስም ነው። ክብደቱ 84 ኪሎ ግራም ያህል፣ እጆቹም አጫጭር ስለነበሩ አንድ ቡጢ ለማሳረፍ ብዙ ቡጢ መቀበል ግዴታው ነበር። በመስከረም 1952 ከጆ ዋልኮት ጋር ሲገጥም በመጀመሪያው ዙር ወደቀ፤ በነጥብም ሲመራ ቆይቶ በ13ኛው ዙር አንድ ቀኝ ቡጢ አሳርፎ ሻምፒዮን ሆነ። በ1956 ጓንቱን ሲሰቅል 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49 ጊዜ አሸንፎ፣ በጠቅላላው ሁለት ጊዜ ብቻ ወድቆ ነበር። ስለ ማርቺያኖ አንድ ነገር ሳይታለፍ መነገር አለበት፤ በ32 ዓመቱ ማቆሙ ነው። ገላው ገና ምትን መቋቋም ሲችል ተወው።

ፍሎይድ ፓተርሰን የዚህ ተቃራኒ ሆኖ ይታያል። በ1959 ስዊድናዊው ኢንገማር ዮሃንሰን በሦስተኛው ዙር ሰባት ጊዜ ጥሎት ማዕርጉን ወሰደበት። ፓተርሰን በተከታዩ ዓመት ተመልሶ ዮሃንሰንን በአምስተኛው ዙር ዘረረውና የተነጠቀውን የከባድ ሚዛን ማዕርግ ያስመለሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ተመልካቹ አገጨ ስስ ቢለውም ወድቆ መነሣትን ከእርሱ የተሻለ ያወቀ አልነበረም። በ1998 ግን የኒው ዮርክ ግዛት የቦክስ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሳለ የማስታወስ ኀይሉ ስለ ከዳው ሥልጣኑን ለቀቀ።

አሁን ወደ መሐመድ ዓሊ እንመለስ። በወጣትነቱ የዓሊ መከላከያ ርቀትና እግር ነበር። እጆቹን ዝቅ አድርጎ፣ ገላውን ወደ ኋላ እየሳበ፣ ቡጢው አፍንጫው ሥር እንዲያልፍ ያደርግ ነበር። በ1963 በለንደን ሄንሪ ኩፐር በግራ ቡጢ ቢጥለውም ተነሥቶ በሚቀጥለው ዙር አሸንፏል። በ1967 ወደ ጦር ሠራዊት አልገባም በማለቱ ማዕርጉን ተነጥቆ ከሦስት ዓመት በላይ ከመድረክ ተለየ። ሲመለስ እግሩ እንደ ቀድሞው አልነበረም፤ የማይደርስበት የነበረው ቡጢም ይደርስበት ጀመር። አሳዛኙ ነገር፣ ምትን የመቋቋም ችሎታው የታወቀው በዚህ ጊዜ መሆኑ ነው።

በመጋቢት 1971 በኒው ዮርክ ጆ ፍሬዘር በ15ኛው ዙር በግራ ቡጢ አገጩን መትቶ ጣለው። እንዲህ ካለው ምት በኋላ ሰው ይነሣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ ዓሊ ግን በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ተነሥቶ ግጥሚያውን ፈጸመ፤ በነጥብም ተሸነፈ። በመጋቢት 1973 ኬን ኖርተን መንጋጋውን ሰብሮት ሳለ 12ቱን ዙር ጨረሰ።

ጥቅምት 30 ቀን 1974 በኪንሻሳ የተደረገው ግጥሚያ ለመሐንዲስ ልዩ ትርጉም አለው። ጆርጅ ፎርማን የ25 ዓመት ጎልማሳ ሲሆን 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40ውንም አሸንፏል፤ ከእነዚህም 37ቱን ግጥሚያው ሳያልቅ ነበር የቋጨው። ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ የጣለ ሰው ነው። ዓሊ በ32 ዓመቱ ከዚህ ሰው መሸሹን ትቶ ገመዱን ተደገፈ። አገጩን በጓንቶቹ፣ ጎኑን በክርኖቹ ሸፈነ፤ ገላውንም ወደ ኋላ አዘነበለ። ፎርማን ሲመታው ክንዶቹ የምቱን ከፊል ይቀበላሉ፤ ገላው ይለጠጣል፤ ገመዱ ደግሞ እንደ መኪና ባሌስትራ እየተሳበ የቀረውን ይወስዳል። በጌዴኦ ዳገት ላይ ጠብታው በቅጠሎች መካከል እንደሚሰበር የፎርማን ቡጢም በሦስትና በአራት እርከን እየተሰበረ ነበር የሚደርሰው። በስምንተኛው ዙር ፎርማን ክንዱ ዝሎ ሳለ ዓሊ ዘረረው። ዓለም ይህን ድል የብልኀት ድል አለው፤ ትክክልም ነው።

ነገር ግን በቅጠል የተሰበረ ጠብታም ቢሆን ጥቂት ጥቂት አፈር ያነሣል። ዓሊ በኪንሻሳ የተማረው ነገር ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነበት። በጥቅምት 1975 በማኒላ ከፍሬዘር ጋር 14 ዙር ተደባደበ፤ ፍሬዘር ዐይኑ ስለ ተጋረደ አሠልጣኙ ለ15ኛው ዙር እንዳይወጣ ከለከለው። በመስከረም 1977 ቡጢው በዘመኑ እጅግ የተፈራውን ኧርኒ ሼቨርስን 15 ዙር ችሎ በነጥብ አሸነፈ። ሐኪሙ ፈርዲ ፓቼኮ ከዚህ በኋላ እንዲያቆም መክሮት ስላልሰማው ከቡድኑ ተለየ። በጥቅምት 1980 የ38 ዓመቱ ዓሊ ከላሪ ሆልምስ ጋር ገጠመ። ሆልምስ ቀድሞ የልምምድ አጋሩ የነበረ ሲሆን፣ በ1979 ሼቨርስ ጥሎት ተነሥቶ ያሸነፈ ብርቱ ሻምፒዮን ነበር። ዓሊ ዐሥር ዙር ተመታ፤ አልወደቀም። ከዐሥረኛው በኋላ አሠልጣኙ አንጀሎ ደንዲ ግጥሚያውን አስቆመ።

ያን ምሽት በመድረኩ ላይ የታየው ጥንካሬ በረከት ነበርን? ቢወድቅ ኖሮ ግጥሚያው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር ባበቃ፣ የቀሩት ምቶችም ባልደረሱበት ነበር። አለመውደቁ ምቱን ሁሉ እስከ መጨረሻው እንዲቀበል አደረገው። በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ታወቀ። ሕመሙ ከቡጢ ብቻ የመጣ ስለ መሆኑ ሐኪሞች ሲከራከሩ ኖረዋል፤ የተቀበለው ምት ብዛት ግን አከራካሪ አይደለም። በ1996 በአትላንታ፣ ፋጡማ ሮባና ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ለአገራቸው ወርቅ ባመጡበት ኦሊምፒክ፣ ችቦውን የለኮሰው ዓሊ ነበር። በሮም ሜዳልያ የተቀበለው ያ ቀልጣፋ እጅ ሲንቀጠቀጥ ዓለም ሁሉ አየ። በሰኔ 2016 ዐረፈ።

ይህ ጉዳይ አስቀድሞ ያልታወቀ አልነበረም። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ በ1928 ምት የበዛባቸው ቦክሰኞች አረማመዳቸውና ንግግራቸው እየተበላሸ እንደሚሄድ ጽፎ ነበር። በ1973 ኮርሴሊስና ባልደረቦቹ በብሪታንያ የ15 ሟች ቦክሰኞችን አንጎል መርምረው የጉዳቱን ልዩ መልክ አሳዩ። ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ደግሞ በ2005 ባሳተመው ጥናት ተመሳሳይ ጉዳት በአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ላይ ማግኘቱን ገለጠ። የጉዳቱ ጠባይ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም፤ የብረት መዛል የሚባለው ነው። አንድ ብረት ሊሰብረው ከሚችለው ጭነት እጅግ ያነሰ ጭነት እየተመላለሰ ቢያርፍበት በዐይን የማይታይ ስንጥቅ ያበጃል፤ ስንጥቁም ያድጋል። ልዩነቱ ብረት ሊለወጥ መቻሉ ነው።

ካናዳዊው ጆርጅ ቹቫሎ ሻምፒዮን ባይሆንም 93 ጊዜ ሲጋጠም ዓሊም፣ ፍሬዘርም፣ ፎርማንም ሊጥሉት አልቻሉም። ፍሬዘርና ፎርማን ያሸነፉት ቆሞ ሳለ ዳኛ አስቁሞላቸው ነው። ከዚህ የተነሣ ዋናው የደኅንነት መሣሪያ የቦክሰኛው አገጭ ሳይሆን የዳኛውና የአሠልጣኙ ፍርድ መሆኑ ይታያል። ደንቡም በዚህ አቅጣጫ ተሻሽሏል። በኅዳር 1982 ኮሪያዊው ቀላል ሚዛን ኪም ዱክ ኩ በ14ኛው ዙር ከወደቀ በኋላ ሕይወቱ ስላለፈ የዓለም ቦክስ ምክር ቤት ከ1983 ጀምሮ የሻምፒዮና ግጥሚያን ከ15 ወደ 12 ዙር ዝቅ አደረገ፤ ሌሎቹ ማኅበራትም ቆይተው ተከተሉት።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁለት ሻምፒዮኖች ትምህርቱን በተግባር አሳይተዋል። ሌኖክስ ልዊስ በ1994 በኦሊቨር መኮል፣ በ2001 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ በሃሲም ራህማን በአንድ አንድ ቡጢ ተዘርሯል። ዩክሬናዊው ቭላዲሚር ክሊችኮም በ2003ና በ2004 ተደብድቦ ተሸንፏል። ሁለቱም አገጨ ስስ ተባሉ። ሁለቱንም ያሠለጠነው ኢማኑኤል ስቱዋርድ አገጫቸውን ሊለውጥ አልሞከረም፤ ረዥም ግራ እጃቸውን እንደ አጥር አቁመው ተጋጣሚን በርቀት እንዲያቆዩ አደረገ። ልዊስ ማዕርጉን በዚያው ዓመት አስመልሶ በ2004 ሻምፒዮን እንደ ሆነ ተሰናበተ፤ ክሊችኮም ከ2006 እስከ 2015 ሳይሸነፍ ነገሠ። ተመልካች አንዳንድ ጊዜ ግጥሚያቸውን አሰልቺ ቢለውም ከአብዛኞቹ «ብረት አገጮች» ይልቅ ረዥም ዘመን አሸንፈዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ሐሳብ አንድ ነው። ምትን የመቋቋም ችሎታ እውነተኛ ነገር ነው፤ አንገት፣ ዐይን፣ ብልኀትና ልብ ይፈልጋል። ነገር ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠ መጠባበቂያ እንጂ በየቀኑ የሚመነዘር ገንዘብ አይደለም። መሐንዲስ የደኅንነት መጠኑን በንድፍ ውስጥ የሚያስቀምጠው ሕንፃው ሁልጊዜ በዚያ ላይ እንዲኖር አይደለም። ሕንፃው ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ቆሞ ሲገኝም ባለቤቱ ደስ ሊለው ይችላል፤ መሐንዲሱ ግን ያን ጊዜ ነው መብራቱን ይዞ ወደ ምሰሶው ሥር የሚወርደው። ለዓሊ ያን መብራት የያዘለት ሐኪም ነበረ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። የባንኮ ጎቲቲ ገበሬ በዳገቱ ላይ ያሉትን ዛፎች የማይቆርጠው አፈሩ ባለፈው ክረምት አልታጠበም ብሎ ስለማይዘናጋ ነው።